ካምቢዮ ብቻውን አይሸጥም
የናፍጣ ተሽከርካሪን ካምቢዮ ስለ መለወጥ ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የቀረበ ትምህርት

የመለዋወጫ ዕቃ ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለይበት ጠባይ አለው። ጨርቅ ወይም ስኳር የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃው ከሱቁ ከወጣ በኋላ ወሬውን እምብዛም አይሰማም። መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ግን የሸጠው ዕቃ ከሌላው ጋር ተጋጥሞ እስካልሠራ ድረስ ሽያጩ ተፈጸመ ሊባል አይቻልም። ይህም በግልጽ ከሚታይባቸው ዕቃዎች አንዱ ካምቢዮ ነው።

ከዑራኤል በሃያ ሁለት በኩል ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ጧትና ማታ ተሽከርካሪዎች ሲቆሙና ሲነሡ ይታያሉ። በእንዲህ ያለ መንገድ ፍሪሲዮን ሲረግጥ የሚውል ሾፌር ካምቢዮውን በአውቶማቲክ ለማስለወጥ ይመኛል። በሌላ ወገን አውቶማቲኩ የተበላሸበት ባለ መኪና የጥገናውን ዋጋ በሰማ ጊዜ ወደ ማኑዋል መመለስን ይመርጣል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ አድኖ ማቆየት የብዙዎች አሳብ ሆኗል። ስለዚህም ሁለቱም ደንበኞች ወደ ሱቅ መጥተው «ካምቢዮ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ የሚገባው መልስ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።

ሀ) ሁለቱ ዐይነቶች የሚለያዩበት ነገር

በማኑዋል ካምቢዮ የሞተሩ ኃይል በቮላኖና በፍሪሲዮን ሸራ አማካይነት ይተላለፋል፤ ቮላኖውም ከባድና ወፍራም ነው። በአውቶማቲክ ግን በቮላኖው ስፍራ የሚገባው ስስ የብረት ሳሕን ሲሆን፣ ኃይሉን የሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር በተባለው ዕቃ ውስጥ የሚሽከረከር ዘይት ነው። ዘይቱም ስለሚግል በራዲያተር ውስጥ ወይም ከራዲያተር ፊት በሚቀመጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ መዘዋወር አለበት። ከዚህ እንደሚታየው ልዩነቱ በካምቢዮው ሣጥን ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከሞተሩ ጫፍ ጀምሮ እስከ ሾፌሩ እግር ድረስ ነው።

ለ) ከካምቢዮው ጋር አብሮ የሚሄድ ዕቃ

ከአውቶማቲክ ወደ ማኑዋል ለመለወጥ ቮላኖው ከነቡሎኖቹ፣ ሸራው፣ ሸራውን የሚጫነው ዲስኮ፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ፣ በሞተሩ ዘንግ ጫፍ የምትገባው ትንሿ ኩሽኔታ፣ የፍሪሲዮን ፔዳል ከላይና ከታች ፓምፓዎቹ ጋር ያስፈልጋሉ። የቮላኖው ቡሎንና የስሱ ሳሕን ቡሎን ርዝመታቸው ብዙ ጊዜ ስለሚለያይ አንዱን በሌላው ቦታ ማሰር አደጋ ያመጣል።

ከማኑዋል ወደ አውቶማቲክ በሚለወጥበት ጊዜ ደግሞ ስሱ ሳሕን፣ ኮንቨርተሩ፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ከቱቦዎቹ ጋር፣ የማርሽ መለወጫው እጀታ፣ እንዲሁም መኪናው ማርሽ ውስጥ ሳለ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚከለክለው ማብሪያ መሟላት አለባቸው። በሁለቱም አቅጣጫ የካምቢዮው ርዝመት ስለሚለወጥ የካምቢዮው መቀመጫና ትራንስሚሲዮኑ መለካት አለባቸው። የዲፍረንሻሉም የጥርስ ቁጥር በማኑዋልና በአውቶማቲክ ሞዴሎች መካከል ሊለያይ ስለሚችል መመርመር ይገባዋል። ለባለ አራት ጎማ ጐታች መኪና የፊትና የኋላ ዲፍረንሻሎች ቁጥር አንድ ካልሆነ ጠቅላላው ማስተላለፊያ ይሰበራል።

ስለ ስም ጉዳይ ለአስመጪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ፍሬን የሚባሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ፣ አምራቾቹ ግን ዕቃውን በእንግሊዝኛ ስምና በቁጥር ይመዘግባሉ። መካኒኩ በአፍ የነገረውን ስም በግምት ተርጕሞ ማዘዝ የስሕተት ምንጭ ነው። ትእዛዝ መጻፍ ያለበት በዕቃው ቁጥር፣ በሞተሩ ዐይነትና በሻንሲው ቁጥር ነው።

ሐ) የናፍጣ ሞተር ልዩ ጠባይ

የናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ብርቱ ጉልበት የሚሰጥ ስለ ሆነ ለቤንዚን ሞተር የተሠራ ኮንቨርተር፣ መልኩ ቢመሳሰልም፣ አይስማማውም። ያለ አግባብ ሲንሸራተት ዘይቱ ይግላል፤ የጋለውም ዘይት የውስጡን ሸራ ያቃጥላል። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ከኮንቨርተሩም ጋር ያለው መስማማት በዚያው መጠን ይዛባል።

በአንዳንድ የቶዮታ ናፍጣ መኪናዎች አውቶማቲክ ካምቢዮው የሞተሩን ሸክም የሚያውቀው ከናፍጣ ፓምፓው ክንድ በሚመጣ ሽቦ ነው፤ ይህ ሽቦ ከላላ ካምቢዮው ይንሸራተታል። በመርሰዲስ 240 ዲና 300 ዲ ዐይነቶች ደግሞ ሞተሩ ራሱ የአየር መሳብ ኃይል ስለማይሰጥ ለብቻው የተተከለ ፓምፓ ያንን ኃይል ለካምቢዮው ያቀርባል። በኮምፒውተር የሚመሩት አዳዲስ ሞተሮች ግን ከካምቢዮው ኮምፒውተር መልእክት ስለሚጠብቁ፣ ኮምፒውተሩና ሽቦዎቹ ከካምቢዮው ጋር ከአንድ መኪና ቢገኙ ይመረጣል። እንደ ዋን ኤች ዜድ ያለው የላንድክሩዘር ሞተር ፓምፓው በሜካኒካዊ መንገድ ስለሚሠራ በዚህ ረገድ ቀላል ነው።

ቡና ላኪዎችና ዕቃቸውን ወደ ክፍለ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች ሌላ ነገር ያመዛዝኑ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት በጭነት ለሚወርድ መኪና፣ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ መኪናውን መያዙ ፍሬኑን ያድናል፤ በዚህ ማኑዋል ይበልጣል። ባትሪ በደከመ ጊዜም ማኑዋል ተገፍቶ ይነሣል፤ አውቶማቲክ ግን አይነሣም።

መ) በግቢ ውስጥ ስለሚሠራ ሥራ

ብዙ ሰው ሥራውን በገዛ ግቢው ያሠራል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሪዶታው ጋር ክብደቱ አንድ ኩንታል ሊያልፍ ይችላል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ለሕይወት አስጊ ስለ ሆነ ጽኑ መቆሚያዎች ያስፈልጋሉ። ኮንቨርተሩም በካምቢዮው የዘይት ፓምፓ ውስጥ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ቡሎኖቹ ከተጠበቁ ፓምፓው ይሰበራል። የማቀዝቀዣው ቱቦዎች ካልታጠቡ የአሮጌው ካምቢዮ ቃጠሎ ወደ አዲሱ ይገባል።

ሠ) ሕግና አደራ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን፣ ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ «ካምቢዮ 1» ብሎ መጻፍ ለሁለቱም ወገን ጭቅጭቅ ነው። የዕቃው ቁጥር፣ የተወሰደበት ሞተር ዐይነትና አብረው የተሰጡት ዕቃዎች ዝርዝር ይጻፉ። የተለወጠው መኪናም ለዓመታዊው ምርመራ ከመቅረቡ በፊት የኋላ ማርሽ መብራቱና የማስነሻው መከላከያ መሥራታቸው ይረጋገጥ።

እንግዲህ «ካምቢዮ አለ?» ለሚለው ጥያቄ የሚገባው መልስ ሌላ ጥያቄ ነው። ሞተሩ የትኛው ነው? ሻንሲው ስንት ቁጥር ነው? የሚለወጠው ከምን ወደ ምን ነው? መኪናው በየትኛው መንገድ ይሠራል? እነዚህን አራቱን ሳይጠይቅ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ዛሬ አንድ ካምቢዮ ይሸጥ ይሆናል፤ ጠይቆ የሚሸጠው ግን ካምቢዮውን ከነመላ ዕቃው ይሸጣል፤ ደንበኛውም ለክርክር ሳይሆን ለሌላ ግዢ ይመለስለታል።