ፋብሪካ የግድ መግዘፍ አለበት? ከያዮ የተነሳ ጥያቄ

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኬሚካል ምህንድስና ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ያዮ ለዓመታት የዜና ርዕስ ስለነበረች ያገባናል ባይ ነኝ። የኢሉባቦሯ ያዮ የድንጋይ ከሰል አላት፤ የዱር ቡና የሚበቅልበት ደኗም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራነት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሜቴክ ሥራውን ተረክቦ በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ መገንባት ተጀመረ። ዩሪያው ሳይመረት ፕሮጀክቱ ከሜቴክ እጅ ወጣ። በእነዚያ ዓመታት የነበረውን ዘገባ ብታገላብጡ በብዛት የምታገኙት አንድ ቁጥር ነው፤ ግንባታው ስንት በመቶ ደረሰ የሚለው። ፋብሪካው ውስጥ ምን እንደሚሠራና ለምን ያን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ የጠየቀ ብዙም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰሉ በከፍተኛ ሙቀት ከኦክስጅንና ከእንፋሎት ጋር ተገናኝቶ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ጋዙ ይጣራል፤ ሃይድሮጅኑ እንዲበዛ ይደረጋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይለያል። ከዚያ ሃይድሮጅን ከአየር ከተገኘ ናይትሮጅን ጋር አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያው መልሶ ከተለየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ዩሪያ ይወጣል። ለእያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ማማ፣ ለብቻው ቧንቧ፣ ለብቻው ማሞቂያና ማቀዝቀዣ አለው። በቃ፣ ፋብሪካው ትንሽ ከተማ ያክላል።

ታዲያ መሐንዲሶች ራሳቸው ይሄን ግዝፈት ጠይቀውታል። ፕሮሰስ ኢንተንሲፊኬሽን ይሉታል፤ በእኛ አባባል ብዙ ሥራን በትንሽ ዕቃ አጥብቆ መጠቅለል ነው። ስሙ የሚነሳው እንግሊዛዊው ኮሊን ራምሾው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አይ ሲ አይ በተባለው ኩባንያ ሲሠራ፣ ፈሳሽና ጋዝ የሚገናኙበትን ረጅም ማማ ትቶ በሚሽከረከር ዕቃ ለመተካት አሰበ። ኢሉባቦር የማር አገር ስለሆነ በማር ላስረዳ፦ የዘመናዊ ቀፎ ፍሬም በማጣሪያው ውስጥ ሲሽከረከር ማሩ በራሱ ክብደት እስኪንጠባጠብ አይጠበቅም፤ ሽክርክሪቱ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ማማ ውስጥም ፈሳሹን የሚያወርደው የመሬት ስበት ብቻ ነው። ሲሽከረከር ግን ጉልበቱ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ዕቃው ያጥራል።

ሌላው መንገድ ሁለት ሥራን በአንድ ዕቃ ማዋሃድ ነው። አሜሪካዊው ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሜቲል አሴቴት ሲያመርት ውህደቱንና ማጣራቱን በአንድ ማማ ውስጥ አደረገው፤ የብዙ ማማዎች ሥራ ወደ አንድ ገባ።

ለያዮ ቅርብ የሆነው ግን የዩሪያው የራሱ ታሪክ ነው። አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጀመሪያ ካርባሜት የሚባል ነገር ይሠራሉ፤ ሁሉም ግን ወደ ዩሪያ አይለወጥም። የተረፈው ተለይቶ መመለስ አለበት፤ ዕቃውም ወጪውም የሚበዛው እዚህ ጋ ነው። የሆላንዱ ስታሚካርቦን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግፊቱን ሳይቀንስ የተረፈውን በራሱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ማስለቀቅን ለገበያ አቀረበ። ቆይቶም ማቀዝቀዣውንና ዋናውን የውህደት ጋን አንድ ላይ አደረጋቸው።

ይህ ሁሉ ያዮን ያድናት ነበር ለማለት አይደለም። የያዮ ችግር በኮንትራትና በአመራርም ይነሳል፤ ከሰልን ወደ ጋዝ የሚለውጠው ክፍልም እስካሁን ግዙፍ ነው። ይሁን እንጂ ከዱር ቡናው አጠገብ ለሚተከል ፋብሪካ የእያንዳንዱ ማማ ስፋትና ሙቀት የመሐንዲሱ ብቻ ጉዳይ አይመስለኝም።

ጥያቄው ደግሞ ተመልሶ መጥቷል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 መንግሥት ከዳንጎቴ ጋር በሶማሌ ክልል ጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርሟል። ይኸኛው መነሻው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ ከሰል መፍጨትም ሆነ ወደ ጋዝ መለወጥ አያስፈልገውም፤ ከያዮ ሰንሰለት የመጀመሪያውና ከባዱ ቀለበት ወጥቶለታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት አሞኒያና ዩሪያ ግን ያው ናቸው። ዘጋቢ ሆኜ ጎዴ ብላክ ከመቶኛው በፊት የምጠይቀው ያልተለወጠው ካርባሜት በየት በኩል እንደሚመለስና ሙቀቱ የት እንደሚገባ ነው።