ከክምር ሥር የሚወጣው ውኃ

ከቆሻሻ ክምር ሥር ጠቍሮና ከርፍቶ የሚወጣው ውኃ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ብቻ ይመስለን ይሆናል፡፡ በቦንጋና በአካባቢዋ ለሚነግድ ሰው ግን ነገሩ ቅርብ ነው፤ በእሸት ቡና ማጠቢያ አጠገብ የተቈለለው ገለፈት ዝናብ ሲያገኘው የሚያወጣው ፍሳሽ የዚያው ዘመድ ነውና፡፡

በገለፈቱና በቡናው ዝልግልግ ልባስ ያለው ስኳር ሲብላላ ውኃው ይኮመጥጣል፡፡ ወንዝ በገባ ጊዜም ረቂቃን ተሐዋስያን እርሱን ሲመገቡ የወንዙን ኦክሲጅን ይጨርሱታል፡፡ ብርታቱ ከቤት ፍሳሽ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፡፡ የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዚሁ ደን ስም ቡናውን የሚሸጥ ላኪ የደኑን ወንዝ ቢያበላሽ ገዢው ምን ይለዋል? በታች ያለው ገበሬስ ከብቱን ከየት ያጠጣል?

አዲስ አበባ የቆሼ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ከገደለ በኋላ፥ በጃፓንና በዩኤን ሀቢታት ርዳታ የፉኩኦካ ዘዴ የተባለው ሥራ ላይ ውሏል፡፡ ከክምሩ ሥር በድንጋይ የተከበበ ባለ ቀዳዳ ቧንቧ ይዘረጋል፤ ፍሳሹ በቧንቧው ይወጣል፥ አየርም በዚያው ይገባል፡፡ የሚበሰብሰው ነገር ራሱ ስለሚሞቅ አየሩን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሞተር አያስፈልግም፡፡ አየር ያገኘ ክምር ፍሳሹ ይለዝባል፥ ሽታውም ይቀንሳል፡፡

ለቡና ማጠቢያ የቬቲቨር ሣር ይስማማል፤ ከ50 ዓመት በፊት በጅማ የምርምር ጣቢያ በኩል ስለገባ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፡፡ ሆኖም ትኵሱን ፍሳሽ በሣር ላይ መልቀቅ ሣሩን ማቃጠል ነው፡፡ አስቀድሞ ገለፈቱ ከዝናብ ተጠልሎ ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ ይለወጥ፤ ፍሳሹ በጕድጓድ ይጥለል፥ ኮምጣጣነቱም በኖራ ይብረድ፤ ከዚያ በኋላ በሣሩ መካከል በዝግታ ይለፍ፡፡ ውኃ ቆጣቢ መፈልፈያ የሚያመጣ አስመጪ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሥራውን ያቀላል፤ ጥቂት ውኃ የፈጀ ጣቢያ የሚያጠራውም ጥቂት ነው፡፡

ባለሱቆችንም የሚመለከት አንድ ነገር አለ፡፡ ሣር ስኳሩን እንጂ እርሳስንና ሌላውን ብረት አያጠፋም፤ ቢበዛ በሥሩ ይዞ ያቈየዋል፡፡ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከተራው ጥራጊ ጋር እንዳይጣል ደንበኛው መልሶ የሚያስቀምጥበት ሣጥን በሱቁ ደጃፍ ቢኖር ወጪው እምብዛም ነው፡፡

ሣሩን መትከል የሚፈልግ ባለጣቢያ ከክረምቱ መግቢያ ይጀምር፤ እሸቱ በጥቅምት ሲለቀም ሥር ሰዶ መገኘት አለበት፡፡