አንዲት ከተማ ይዘሽ ግቢ

የሕክምና ትምህርት ቤቱ ለቃለ መጠይቅ ጠራሽ? እንኳን ደስ አለሽ! ከዚህ በኋላ ሊያዩ የሚፈልጉት ውጤትሽን ሳይሆን አንቺኑ ነው።

ያመለከትሽው ለገጠር ሕክምና ቅድሚያ ለሚሰጥ ትምህርት ቤት ከሆነ አንድ ጥያቄ አይቀርልሽም፦ «ሲያትል ያደግሽ ልጅ ገጠር ምን ትሠሪያለሽ?» «የተቸገረ መርዳት እወዳለሁ» ብትይ ከፊትሽ የገባውም ከኋላሽ የሚገባውም ያንኑ ነው የሚለው።

አንዲት ከተማ ምረጪና ጠንቅቀሽ አጥኚያት። ለምሳሌ ከካስኬድ ተራሮች ማዶ ያለችው ዊንትሮፕ። ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና 20 በበረዶው ወራት ለረጅም ጊዜ ይዘጋል። ታዲያ በጥር ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ወዴት ትሄዳለች? በቅርብ ያለው ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል አለው? (ብዙ የገጠር ሆስፒታሎች ማዋለጃቸውን ዘግተዋል፤ «ክሪቲካል አክሰስ» የሚባሉት ትንንሽ ሆስፒታሎች ደግሞ ለሕሙማን ማስተኛ ከ25 አልጋ በላይ አይፈቀድላቸውም።) በነሐሴ የሰደድ እሳት ጭስ ሸለቆውን ሲሞላው የአስም ሕመምተኛው እንዴት ይሆናል? ካርታ ዘርጊ፣ ቅዳሜን ሂጂና ዋዪ፣ ቡና እየጠጣሽ የአገሩን ሰው ጠይቂ።

ይህ ልፋት ከንቱ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ «ዋሚ» በሚባለው ፕሮግራሙ ሐኪሞችን በየክልሉ ያሠለጥናል፤ ዛሬ አምስት ግዛቶችን ያቅፋል። «ትረስት» በሚባለው ዘርፉ የሚገባ ተማሪ ደግሞ ከአንድ የገጠር ማኅበረሰብ ጋር ተጣምሮ እየተመላለሰ ይማራል። እነሱም የሚያስቡት በቦታ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። እኛ ቤት ራስን ማመስገን ነውር ነው፤ አንገት ደፍቶ «ምንም አልሠራሁም» ማለት ጨዋነት ነው። ጠያቂው ግን እውነት መስሎት ይመዘግብልሻል! መውጫው ቀላል ነው፦ ምን እንደሆንሽ ሳይሆን ምን እንዳደረግሽ ተናገሪ። አያትሽን ክሊኒክ ወስደሽ አስተርጉመሽ ታውቂ ይሆናል። እሱን ንገሪያቸው። በተለይ መተርጎም ያቃተሽን፣ አያትሽ ልጅ ፊት አልናገርም ብለው የደበቁትን። በያኪማ ሸለቆ ፖም የሚለቅም ስፓኒሽ ተናጋሪ ሠራተኛም ሐኪም ፊት ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ይቀመጣል፤ ይህን ካነሳሽ የባለሙያ አስተርጓሚ ጥቅም እንደሚገባሽ ማንም አይጠራጠርም።

ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ማንሳት ትችያለሽ፤ ግን አታብዢው። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና ሳኒታሪያንን ጎን ለጎን ማሠልጠኑ ግሩም ታሪክ ነው። እሱን ብቻ ካወራሽ ግን «ታዲያ እዚህ ምን አመጣሽ?» ያስብላል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን ከክፍል ክፍል እየተዘዋወሩ የመጠየቅ ዘዴ ይጠቀማሉ። በር ላይ ጥያቄውን ለሁለት ደቂቃ ያህል ታነቢያለሽ፣ ገብተሽ ጥቂት ደቂቃ ትናገሪያለሽ። ስለዚህ ቆመሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ ተለማመጂ። ሕክምና የማያውቁ ጋሼን ወይም እትዬን አስቀምጪና ይህን መልሺላቸው፦ ጠዋት ያከምሻት የ17 ዓመት ልጅ እናት ማታ ገበያ አግኝታሽ «ልጄ ምን ሆነች?» ብትልሽ ምን ትያለሽ? ትንሽ ከተማ ውስጥ ከዚያች እናት መሸሸጊያ የለም። እትዬ ካልገባቸው እንደገና!

በመጨረሻ «አንቺስ ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ዝም እንዳትይ። ከእነሱ ተመርቀው ገጠር የገቡት ሐኪሞች ስንቶቹ እዚያው እንደቀሩ፣ የወጡትስ ለምን እንደወጡ ጠይቂያቸው፤ መልሱንም ጻፊው።