ከ40 ዓመት በኋላ የብራዚል ጁጂትሱ መማር

ጡንቻ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል እየቀነሰ እንደሚሄድ የሕክምና ጥናቶች ያመለክታሉ። ጅማትም የሚደርሰው ደም አነስተኛ ስለሆነ ሲጎዳ ቶሎ አይድንም። በጆሃንስበርግ ሌላ ፈተና ይጨመራል፤ ከተማዋ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ከደርባን የሚመጣ ታጋይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ያጥረዋል።

ታዲያ ጎልማሳ ሰው ይህን ትግል ሊጀምር ይችላልን? አዎን፤ ስልቱ ራሱ ለደካማ ጉልበት የተመቸ ነውና። ከመሥራቾቹ አንዱ ብራዚላዊው ኤልዮ ግሬሲ (1913–2009) ቀጭን ሰው ነበር። ከባድ ድንጋይ በረጅም እንጨት እንደሚፈነቀል ሁሉ፣ እርሱም የተጋጣሚውን ክብደት መፈንቀልን አስተማረ።

አደጋው ያለው እልህ ላይ ነው። ጉልበትን በሚጠመዝዝ እስር ውስጥ ሕመሙ ሳይሰማ ጅማት ሊበጠስ ይችላል። በጄፒ ጎዳና ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚነግድ ኢትዮጵያዊ የተጎዳ ጉልበት የተቋረጠ እንጀራ ነው። ስለሆነም ጎልማሳው ሕመምን ሳይጠብቅ፣ መያዙን እንዳወቀ ተጋጣሚውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ መሸነፉን ያሳውቅ። ከመጀመሩ በፊት ልቡን በሐኪም ያስመርምር፤ በልምምዶቹ መካከል ይረፍ፤ ጡንቻውንም ክብደት በማንሳት ያጠንክር። ዛሬ በጊዜ የተሸነፈ፣ ነገም ለልምምድ ይመለሳል።