ስለ ደን ቃጠሎና ቃጠሎው ካለፈ በኋላ ስለሚሠራው ሥራ

የደን እሳት በጠፋ ማግስት ሕዝቡ ወደየቤቱ ይገባል፤ ሹሙም የተቃጠለውን መሬት ስፋት ጽፎ ለበላዩ ይልካል፤ ነገሩም በዚያው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን የተቃጠለ ደን ተመልሶ ለመብቀሉ ወይም ለዘለዓለም ጠፍቶ ለመቅረቱ ፍርዱ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ በሚመጡት ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። በነዚህ ዓመታት ከብት፣ ማረሻና ጎርፍ በተቃጠለው ምድር ላይ የሚሠሩት ሥራ፣ ነበልባሉ ከሠራው ሊከፋ ይችላል። ሦስቱንም ለማገድ ሥልጣን ያለው በወረዳው የተሾመው ሰውና የመሬቱ ባለ ይዞታ ነው።

በ1992 ዓ.ም. በበጋው ወራት፣ ደቡቡ አገር በድርቅ ተይዞ ሳለ፣ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ለሳምንታት ነደደ። የተቃጠለው ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ እንደ ሆነ ተገምቷል። የእሳቱ መነሻ አንድ ብቻ አልነበረም፤ እርሻ ሊያሰፋ የመነጠረ፣ ለከብቱ ለምለም ሣር የፈለገ፣ በጢስ ንብ አባርሮ ማር የቆረጠ፣ ሁሉም በየበኩሉ የለኰሰው እሳት ከደረቀው ምድር ጋር ተገናኝቶ ከእጅ ወጣ። ባላገሩ፣ ወታደሩና ተማሪው በቅጠልና በአካፋ ታገለው፤ ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከደቡብ አፍሪቃም ባለሙያዎች መጡ። በኦሮሚያ ያሉ ተማሪዎች መንግሥት በጊዜ አልደረሰም ብለው በአደባባይ እስኪጮኹ ድረስ ነገሩ የአስተዳደር ጉዳይ ሆነ። በመጨረሻ እሳቱን ያጠፋው የዝናቡ መምጣት ነበር፤ ዝናብን ግን ሹም አያዝዘውም።

በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነደደ። እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ እንደገና ተነሣ፤ ገደሉም ለእግረኛ የማይመች ስለ ሆነ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች እስኪመጡ ድረስ ብዙ ተደከመ። ጠፋ የተባለ እሳት የሚመለስበት ምክንያት የታወቀ ነው። በዛፍ ሥር ለብዙ ዘመን የተከማቸ የረገፈ ቅጠልና ሥራሥር ከውስጥ ለውስጥ ይጨሳል፤ ከላይ የሞተ መስሎ ነፋስ ሲነሣ ይነቃል። ስለዚህ የሣርን እሳት በቅጠል መደብደብ ቢበቃም፣ የደንን እሳት ለማቆም እስከ ንጹሕ አፈር ድረስ የተቆፈረ መስመር ያስፈልጋል፤ ከጠፋም በኋላ በመስመሩ ላይ ለብዙ ቀን ዘበኛ ማቆም ግዴታ ነው። ዐቀበት የሚወጣ እሳት የተዳፋቱ ቁልቁለት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ፍጥነቱ እጥፍ ያህል ስለሚሆን፣ ሰውን ከእሳቱ በላይ በአፋፍ ላይ ማሰለፍ ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። ቀትር ላይ ሕዝብን ጠርቶ ማድከምም ከንቱ ነው፤ አየሩ በሚቀዘቅዝበትና ነፋሱ በሚበርድበት በሌሊትና በንጋት የሚሠራ ጥቂት ሰው ይበልጣል።

በባሌ ከደኑ በላይ፣ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ባለው የአስታ ምድር ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ሹማምንትም ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ነው። ያረጀ አስታ ከብት የማያሳልፍ ጥሻ ይሆናል፤ መኖም አይሰጥም። እረኞቹ ከጥንት ጀምሮ በየቦታው እየከፈሉ ያቃጥሉታል፤ አስታውም ከሥሩ እያቈጠቈጠ ለከብት ለጋ ቅጠል ይሰጣል። በቦታው የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ እንዲህ የተቃጠለ ቦታ እስከ 10 ዓመት ያህል በቀላሉ እሳት አይዝም። እንግዲህ ባላገሩ እየከፈለ ያቃጠለው ቁራጭ ቁራጭ ምድር ራሱ ለሚቀጥለው እሳት አጥር ሆኖ ይቆማል ማለት ነው። ማቃጠል ፈጽሞ ሲከለከል ግን ተራራው ሁሉ አንድ ወጥ ያረጀ አስታ ይሆናል፤ ቅጣት ፈርቶ ተደብቆ የሚለኵስ እረኛም እሳቱን ቆሞ አይጠብቅም። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደን የሚያቃጥለውን ይቀጣል፤ ይህም የተገባ ነው። ሆኖም ዕውቀት ያላቸውን የእረኛ ሽማግሎች ከደን ባለሙያዎች ጋር አስቀምጦ፣ የደኑን ዳር ከአስታው ምድር በጥንቃቄ አስለይቶ የሚያማክር ሹም፣ መቅጫ ብቻ ይዞ ከሚዞረው ይልቅ ብዙ ደን ያተርፋል።

ወደ ደኑ ስንመለስ፣ ቃጠሎው ካለፈ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣው ጠላት ዝናብ ነው። በባሌ የበጋው እሳትና በመጋቢት ገደማ የሚጀምረው ዝናብ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ቅጠል የሌለበት፣ አመድ የለበሰ ተዳፋት ውኃውን ወደ ውስጥ ስለማያስገባ አፈሩ ይታጠባል። ወይብ፣ ገናሌና ወልመል ከዚህ ተራራ የሚወርዱ ናቸው፤ በታች ቆላ የሚኖረው ከብት አርቢም የላዩን ጥፋት በደፈረሰ ውኃና በጎርፍ ይቀበለዋል። ስለዚህ የወደቀውን ግንድ ለከሰል ከመልቀም ይልቅ በተዳፋቱ ላይ አግድም እያጋደሙ በድንጋይና በካስማ ማስደገፍ ይገባል። ይህን ሥራ ቀፎው የተቃጠለበትና ቡናው የነደደበት ባላገር በቀን ሙያተኛነት ቢሠራው፣ አፈሩም ይተርፋል፣ ቤተ ሰቡም ይጾም የነበረውን ክረምት ይሻገራል። የዓመት ገቢው ጠፍቶበት ምንም ያልተሰጠው ሰው በመጥረቢያው ወደ ተረፈው ደን ቢገባ ሊያስደንቅ አይገባም።

ሁለተኛው ማረሻ ነው። አመድ ኖራና ፖታሲየም ስላለበት በተቃጠለ መሬት ላይ የተዘራ እህል በመጀመሪያው ዓመት ያምራል፤ ናይትሮጅኑ ግን ከጢሱ ጋር ሄዷልና ምርቱ በየዓመቱ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ዓመት አዝመራ የተታለለ ብዙ ነው። የተቃጠለውን ደን «እንግዲህ ባዶ ነው» ብሎ ለእርሻ የሚያካፍል ሹም፣ ለከርሞው በጋ ክብሪት እንዳደለ ይቈጠራል፤ እሳት ለለኰሰው ሰው መሬት የምታስገኝ ከሆነች ማን ይተዋታል? የተቃጠለው መሬት ድንበሩ በሳምንቱ ውስጥ ተለክቶ፣ ሽማግሌዎች በተገኙበት ተጽፎ፣ ደን ሆኖ እንደሚቀር በገበያ ቀን በይፋ መነገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከብት ነው። ከቃጠሎ በኋላ የሚወጣው ለጋ ሣርና ችግኝ ከብቱን ከሩቅ ይጠራዋል፤ የዛፉ ቡቃያ ከከብት አፍ በላይ እስኪደርስ ድረስ የደኑን ክፍል መዝጋት ይገባል። ሆኖም ሁሉን ባንድ ጊዜ መዝጋት ለባላገሩ የማይቻል ትእዛዝ ነው፤ ማሰማሪያና ውኃ የሚሄድበት መንገድ ተለይቶ ካልተተወለት አጥሩን ሌሊት ያፈርሰዋል።

ዛፎችም ለእሳት ያላቸው ጠባይ አንድ አይደለም። ወይራ ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ጽድ ግን አንዴ ከነደደ ከጉቶው አይመለስም። በሐረና ደን እንዳለው ያለ ቡና ላዩ ነድዶ ሥሩ ደኅና ከሆነ፣ ከመሬት በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ በሰያፍ ቢቈርጡት አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቶ በሁለትና በሦስት ዓመት ያፈራል፤ ነቅሎ መጣል አያስፈልግም። ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ በባዶው ቦታ ለመትከል ያስመኛል፤ ዘይት ያለው ቅጠሉና የሚላጠው ቅርፊቱ ግን እሳትን የሚጠሩ ስለ ሆኑ ከተፈጥሮ ደን አጠገብ መትከል አይገባም።

የተለበለበ ዛፍ ሁሉ የሞተ አይደለም። ቅርፊቱ በቢላዋ ሲፋቅ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ከተገኘ ሕያው ነውና፣ አንድ ክረምት ሳያልፍ የመቍረጥ ፈቃድ ለማንም አይሰጥ። ከሁሉ ይልቅ በቃጠሎው መካከል የተረፉት የጽድና የዝግባ ዛፎች በምልክት ተለይተው መጠበቅ አለባቸው። የጽድ ችግኝ ዕድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ ፍሬው በቃጠሎው ዓመት ተለቅሞ ወደ ችግኝ ጣቢያ ካልገባ ለሚቀጥለው ክረምት ተከላ አይደርስም።