የሆርሞን መርፌ ከመወጋቱ በፊት፦ ፅንስ በላም ማህፀን እንዴት ይጸናል?

መግቢያ

ላሞች በአንድ ወቅት ድራት እንዲያሳዩ የሚያደርገው የፕሮስታግላንዲን መርፌ በአገራችን ለሰው ሠራሽ ማዳቀል ሥራ ጠቃሚ መሣሪያ ሆኗል። ይሁን እንጂ ያው መርፌ እርጉዝ ላም ከተወጋች ፅንሱን ያጠፋል። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን አስረድተን፣ አርሶ አደሩና የልማት ሠራተኛው ሊወስዱት የሚገባውን ጥንቃቄ እናመለክታለን።

1. ፅንስ ለላሟ እንግዳ ነው

የፅንሱ ግማሽ ዘር ከኮርማው የመጣ በመሆኑ ለላሟ አካል ባዕድ ነው። ባዕድ ነገርን የሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ በማህፀን ግድግዳ ውስጥም ይገኛሉ። ታዲያ ፅንሱን ስለምን አያጠፉትም? አንዱ ዋና ምክንያት ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን እንቁላል በወጣበት ስፍራ ከሚበቅለው «ቢጫ አካል» ይመነጫል፤ ማህፀኑ ለፅንሱ ምግብ እንዲያመነጭ፣ እንዳይኮማተር፣ ነጭ ሕዋሳቱም እንዲገቱ ያደርጋል።

በበጎች ላይ የተደረገ ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከሌላ በግ የተወሰደ ቁራጭ ቆዳ በማህፀን ውስጥ ሲቀመጥ፣ ሆርሞኑ ያልተሰጣት በግ አካል ቆዳውን አጠፋው፤ ፕሮጄስትሮን ለሳምንታት በተሰጣት በግ ማህፀን ውስጥ ግን ቆዳው ሳይጠፋ ቆየ።

ላሟ ከተጠቃች ከ15ኛው እስከ 17ኛው ቀን ባለው ጊዜ ፅንሱ ራሱ ምልክት እየላከ ቢጫ አካሉን ከጥፋት ያድናል። ከማህፀን ግድግዳ ጋር መያያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ በ19ኛው ቀን ገደማ ነው።

2. መድኃኒቱ የሚያደርሰው ጉዳት

ፕሮጄስትሮንን ከሥራ ውጭ የሚያደርጉ መድኃኒቶች በሁለት መንገድ ይሠራሉ። እንደ አግሌፕሪስቶን ያሉት፣ በይበልጥ ለውሻ የሚሰጡት፣ ሆርሞኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድመው ይይዛሉ። ፕሮስታግላንዲን ግን ቢጫ አካሉን በማክሰም ምንጩን ያደርቃል። በሁለቱም መንገድ ለፅንሱ የሚመነጨው ምግብ ይቀንሳል፣ ማህፀኑ ይኮማተራል፣ የነጭ ሕዋሳቱም ልጓም ይላላል።

አስቸጋሪው ነገር ጉዳቱ አለመታየቱ ነው። ለምሳሌ አንዲት ላም በጋራ ግጦሽ ላይ ባለቤቷ ሳያውቅ ከ40 ቀን በፊት ተጠቅታ ይሆናል። መርፌውን ስትወጋ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ድራት ታሳያለች፤ ሥራውም እንደተሳካ ይቆጠራል። ባለቤቷ ግን ሳያውቀው ጥጃ አጥቷል፤ የሚጠብቀው ወተትም ወራት ይዘገይበታል።

3. መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

ሀ) ማንኛዋም ላም ሳትመረመር አትወጋ። መርፌው እስከ 5ኛው የእርግዝና ወር ድረስ በአብዛኛው ያስጨነግፋል።

ለ) የእርግዝና ምርመራ በእጅ ሲደረግ ከ60 ቀን በኋላ ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ላሟ በቅርቡ ከኮርማ ጋር ውላ ከሆነ፣ ከኮርማ ተለይታ 60 ቀን ከሞላት በኋላ ትመርመር።

ሐ) አርሶ አደሩ ላሟ ድራት ያሳየችበትንና የተጠቃችበትን ቀን ይጻፍ፤ ለአዳቃዩም ሳይደብቅ ይንገር።

መ) መድኃኒቱ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። እርጉዝ ሴቶችና የአስም ሕመምተኞች አይንኩት፤ የሚወጋውም ሰው ጓንት ያድርግ።

ምርመራው የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የጠፋውን ፅንስ ለመተካት ግን ሌላ 9 ወር ያስፈልጋል።