የዱቤ ደብተርና የዕለት ማስታወሻ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

እዚህ መቀሌ ስለ መጻፍ ልማድ ሲነሳ «እኛ ተራኪ እንጂ ጸሐፊ ሕዝብ አይደለንም» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔ ግን አልቀበለውም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ለወራት ያለ ደመወዝ በቆየበት ጊዜ ብዙውን ቤተሰብ ካቆዩት ነገሮች አንዱ የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ነበር። ስም፣ ቀን፣ ግማሽ ኪሎ ሽሮ፣ አንድ ሳሙና። በ2015 ዓ.ም. ባንኮች እንደገና ሲከፈቱ ሰው ዕዳውን የቆጠረው ከዚያ ደብተር ነው።

ባለሱቁ አስቦትም ይሁን ሳያስበው፣ የፈጸመው የቁርኣንን ትእዛዝ ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ትንሽም ሆነ ትልቅ ይጻፍ፣ መጻፍ አይሰልቻችሁ ይላል መልእክቱ፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ ጽሑፍ ምስክርነትን እንደሚያጸና፣ ጥርጣሬንም እንደሚያርቅ ያስረዳል። አላህ (ሱ.ወ.) የሰው ልጅ እንደሚረሳ ያውቃልና!

ታዲያ ለሳሙና ዕዳ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን የልጆቻችንን ዓመታት ስለምን ለቃል ብቻ ተውናቸው? በጋዜጠኝነት ሥራዬ ስለ ጦርነቱ ሰዎችን ስጠይቅ ትልልቆቹን ቀናት ሁሉም ያውቃቸዋል። የመከላከያ ሠራዊት ኅዳር 19 ቀን 2013 ከተማዋን ያዘ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ወደ ቤት ጉዳይ ስገባ ግን ባልና ሚስት አይስማሙም። ልጁ የታመመው በየትኛው ረመዳን ነው? ዱቄት አልቆ ጎረቤት ያበላቸው ከዓረፋ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ያንን ጎረቤት ማን እንደነበረ እንኳ የሚከራከሩ አጋጥመውኛል። ውለታ እንዲህ ሲጠፋ ያሳዝናል።

«የዕለት ማስታወሻ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉም አሉ። በሂጅራ አቆጣጠር በ460 እና 461 ዓመታት ኢብኑል በና የተባሉ የሐንበሊ ዓሊም ባግዳድ ተቀምጠው ያዩትን ሁከት፣ የሞቱ ሰዎችን፣ ሕልማቸውን ሳይቀር ቀን እየቆጠሩ በገዛ እጃቸው ይጽፉ ነበር። ከጽሑፋቸው ከፊሉ እስከ ዛሬ አለ። እንግዲህ ነገሩ ከቤታችን የወጣ ነው።

ለልጆች የሚቀርበው ምሳሌ የማላላ ዩሱፍዛይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በፓኪስታን ስዋት ሸለቆ ታሊባን የሴት ልጆችን ትምህርት ሲከለክል፣ የ11 ዓመቷ ልጅ «ጉል መካይ» በሚል የብዕር ስም የቀን ውሎዋን እየጻፈች በቢቢሲ የኡርዱ ክፍል አወጣች። የእኛም ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ጦርነቱ ተከተለ፤ ብዙዎቹ እስከ 2015 ድረስ አልተመለሱም። ያ ሁሉ ዓመት ያመለጠው ልጅ እስክሪብቶ ቢፈራ አይገርምም። እርማትና ማርክ የሌለበት የራሱ ደብተር ፍርሃቱን ያቀልለታል። በትግርኛ ይጻፍ፤ አፉን በፈታበት ቋንቋ። ፊደል ቢሳሳት አትቆጡት፤ ሳይፈቅድም ደብተሩን አትክፈቱበት። ይህን የመጨረሻውን ለወላጆች አጥብቄ እናገራለሁ፣ አንድ ጊዜ በድብቅ የተነበበ ልጅ ሁለተኛ እውነቱን አይጽፍምና። መጻፍ የማትችል እናት ደግሞ ማታ ማታ ለልጇ ትንገረው፤ እሱ «እናቴ ዛሬ እንዲህ አለች» ብሎ ይጻፍላት። ሁለቱም ያተርፋሉ።

ለአዋቂው የዕለት ማስታወሻ ከሙሓሰባ፣ ነፍስን ከመተሳሰብ ጋር ይገናኛል። ዛሬ የትኛው ሶላት ዘገየብኝ? ማንን በክፉ ቃል ተናገርኩ? እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «አላህ የሸፈነልንን ወንጀል በወረቀት ልንገልጥ ነው?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የሚመስለኝ፣ ወንጀሉን በዝርዝር መጻፍ አያስፈልግም፤ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቃት አንዲት ምልክት ለተውበት ማስታወሻ ትበቃለች። የሰው ምስጢርና ሐሜት ከደብተሩ ይራቅ። ከዚህ የጠለቀውን ዑለማዎች ይጠየቁ።

ጊዜው ከዒሻ ሶላት በኋላ ቢሆን ይመቻል። ሦስት መስመር ይበቃል። ቀኑ በኢትዮጵያም በሂጅራም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ልጆቹ የሂጅራ ወራትን በዚያው ይለምዷቸዋል። አንድ ቀን ቢዘለል በማግስቱ መቀጠል እንጂ ያለፈውን ለማሟላት መጨነቅ አያሻም፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው። የመድረሳ ኡስታዞችም የቁርኣን ትምህርቱ ሲያበቃ አሥር ደቂቃ ቢሰጧቸው፣ ቤታቸው ጸጥታ የሌላቸው ልጆች እዚያው ይጽፋሉ። ደብተሩን ወደ ቤት መውሰድ ያልፈለገ ካለ የሚቆለፍ ሳጥን ይዘጋጅለት፤ ቁልፉም በአንድ ኡስታዝ እጅ ብቻ ይሁን።

ወሰላሙ ዐለይኩም